«እዚህ ላይ ቆምኩ»
(ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቲቶሪያል ፕሮግራም መክፈቻ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አሳይመንት እንድናገር ስጠየቅ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ግቢ ውስጥ ስለ ፈተናና ስለ ጂፒኤ ብዙ ይወራል። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ዶርም ውስጥ፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ወርክሺቱን ጭናችሁ ላይ ዘርግታችሁ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ምንም ሳይገባችሁ ስለምትቀሩባት ሰዓት ግን የሚያወራ የለም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያች ሰዓት ነው።

እኔም እንደ እናንተ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ያቺን ሰዓት አውቃታለሁ። የካልኩለስ ወርክሺት ተሰጠን። ከጥያቄዎቹ አንዱ ኤክስ በሳይን ኤክስ ተባዝቶ ኢንተግሬት ይደረግ የሚል ነበር። ዶርማችን ውስጥ ካለፈው ዓመት የቀረ፣ ሲኒየሮች የሠሩት ወረቀት ከአልጋ አልጋ ይዞር ነበር። ተቀበልኩና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። ከ10 10 አገኘሁ። ሚድ ላይ ያው ጥያቄ መጣ፤ ሳይን ብቻ በኮሳይን ተቀይሮ። መልሱ ምን እንደሚመስል አስታውሳለሁ፤ ስንት መስመር እንደነበረውም አስታውሳለሁ፤ ከየት እንደሚጀመር ግን አላውቅም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚፈታበት የኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ዘዴ የመጀመሪያ ሥራ ከሁለቱ ተባዦች የትኛውን ዲፈረንሺዬት፣ የትኛውን ኢንተግሬት እንደምናደርግ መምረጥ ነው። ያንን ምርጫ ሲኒየሩ መርጦልኝ ስለነበር እኔ አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። ያ ባዶ የፈተና ወረቀት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አስተማሪ ከሆንኩም በኋላ የተገለበጠ አሳይመንት ባረምኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው።

የአሳይመንት ትልቁ ጥቅም ተሳስቶ መታረም የሚቻልበት ቦታ መሆኑ ነው። ፈተና ላይ ስህተት ውጤት ይቀንሳል፤ አሳይመንት ላይ ስህተት ያስተምራል። ይህን የአገራችን ቅኔ ቤት ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ከጉባኤው ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ላይ ይሰነብታል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ግሱ የተበላሸበትን፣ ቤት ያልመታለትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘለትን እየለየ ያቃናለታል። ሳይቆጥር የመጣ ተማሪ ግን ምኑ ይታረማል? የሌላውን ቅኔ ይዞ የመጣም እንደዚያው ነው፤ የሚታረመው የሌላው ሰው ቅኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ብዙ ተማሪ ጥያቄው ከበደኝ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ሳየው የከበደው ትምህርቱ ሳይሆን የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። ይህ አያሳፍርም። አብዛኞቻችን ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ አስበን ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት፤ በቃል ብቻ አትተርጉሙት፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከዚያ የትእዛዙን ቃል አክብቡበት። ሊስት ነው ያለው? ኮምፔር ነው? ጀስቲፋይ ነው? ዘርዝሩ የተባለ ሰው ስም ቢደረድር ይበቃዋል፤ አነጻጽሩ የተባለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም አለበት፤ ምክንያት ስጡ የተባለ ደግሞ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ከጠፋ ገና አልመለሰም።

በታሪክ ኮርስ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጥያቄው የውጫሌ ውል ወደ ዐድዋ ጦርነት እንዴት እንዳመራ አብራሩ ይላል። ተማሪው ውሉ በ1881 ተፈረመ፣ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ተደረገ ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የጦር መሪዎቹን ስም ይደረድራል። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የተጠየቀው ግን እንዴት የሚለው ነው። አንዷ ተማሪ በቀጥታ አንቀጽ 17 ላይ ሄደች። የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ኢጣሊያ ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ምኒልክ አልተቀበሉትም፤ በ1885 ውሉን አፈረሱ። እንግዲህ «ይቻላቸዋል» የምትል አንዲት ቃል ወደ ጦርነት የሄደችበትን መንገድ ልጅቷ በአንድ ገጽ አሳየችን። የጦር መሪዎቹን ስም አልደረደረችም፤ ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ ግን ያገኘችው እሷ ናት።

እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ በር አለው። የሁላችንም ድካም የሚበዛው በአንዱ በር ሁሉም ቤት የሚገባ ስለሚመስለን ነው። ማንበብና መሸምደድ በ12ኛ ክፍል ያገለገለን በር ነበር፤ እዚህ ግን ፊዚክስን በሽምደዳ የሚገባ የለም።

የፊዚክስ በር ሥዕል ነው። ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢወረወር ስንት ሜትር ይወጣል? ቀመር ከመፈለጋችሁ በፊት መሬቱን፣ ድንጋዩንና ወደ ላይ የሚሄደውን ቀስት ሣሉ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዜሮ ነው። ይህቺ ዜሮ ጥያቄው ላይ አልተጻፈችም፤ ሥዕሉ ነው የሚሰጣችሁ። ከዚያ 20 ሲባዛ በ20 400፣ ለ19.6 (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት የሆነው የ9.8 እጥፍ) ሲካፈል 20.4 ሜትር። አለቀ። አንድ ተማሪ ግን 204 ሜትር ብሎ መለሰልኝ። ወረቀቱን ሳየው ቀመሩ ትክክል፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ 9.8 የነበረውን 0.98 ብሎ ጽፎታል። ጠርቼ «አዲስ አበባ የንግድ ባንክን ሕንፃ አይተኸዋል?» አልኩት። «አዎ» አለ። «ቁመቱ ወደ 209 ሜትር ነው። ከሥሩ ቆመህ ድንጋይ ብትወረውር ጫፉ አካባቢ ይደርሳል?» ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለና ቦታዋን የሳተችውን የአስርዮሽ ነጥብ ራሱ አገኛት። መልስ ካገኛችሁ በኋላ ይህ ቁጥር ከምታውቁት ዓለም ጋር ይስማማል ወይ ብላችሁ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኬሚስትሪ ላይ ቁጥሩን ከነዩኒቱ ጻፉ። 36 ግራም ውሃን ለ18 ግራም በሞል ስታካፍሉ ዩኒቱን ካልጣላችሁት ግራም ከግራም ይጣፋል፣ 2 ሞል ይቀራል። ማካፈል የነበረባችሁን ብታባዙ ዩኒቱ ራሱ ይናገርባችኋል።

ሎጂክ ብዙዎቻችሁን እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። አንድ ክርክር ልክ ይሁን አይሁን ስትጠየቁ ስለ ይዘቱ አትከራከሩ፤ ቅርጹን ያዙና በሌላ ነገር ሙሉት። «የባሕር ዳር ነዋሪ ሁሉ ዓሣ ይበላል፤ አልማዝ ዓሣ ትበላለች፤ ስለዚህ አልማዝ የባሕር ዳር ነዋሪ ናት።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ቅርጹን ሳትነኩ ቃሉን ቀይሩት፦ ውሻ ሁሉ አራት እግር አለው፤ ላም አራት እግር አላት፤ ስለዚህ ላም ውሻ ናት። አሁን ስህተቱን ለማየት ሎጂክ መማርም አያስፈልግም።

ኢኮኖሚክስ ላይ ኩርባውን ሳትሥሉ አንድ ቃል አትጻፉ። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር የጤፍ ዲማንድ (የፍላጎት) ኩርባ ወደ ግራ ሄደ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። አልሄደም፤ እዚያው ኩርባ ላይ ወደ ላይ ተንቀሳቀስን እንጂ። ከቦታው የሚንቀሳቀሰው ሰው ጤፍ ሲወደድበት ፊቱን የሚያዞርበት የስንዴው ወይም የበቆሎው ኩርባ ነው። ይህን ልዩነት እናቶቻችን ገበያ ላይ በየሳምንቱ ይኖሩታል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የሚጎድለው ወረቀቱ ላይ ማውረድ ነው።

አንትሮፖሎጂ ላይ ደግሞ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ደቦ ወጥቶ ያጨደ፣ እናቱ የዕድር ዕቃ ስታጥብ ያየ ልጅ፣ ስለ ማኅበረሰብ መረዳዳት ጻፍ ሲባል ከኢንተርኔት የባህልን ትርጉም ገልብጦ ያመጣል። ልጄ፣ ያየኸውን ጻፍ። ማን ቀድሞ ይጠራል? ማን ምን ይዞ ይመጣል? የቀረ ሰው ምን ይባላል? ያንን ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ ድረ ገጽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በሩን አግኝታችሁ፣ ጀምራችሁ፣ መሐል ላይ መሄጃ ስታጡ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ወረቀቱን አጥፎ ቴሌግራም ይከፍታል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፉ ነው፤ «እዚህ ላይ ቆምኩ፤ ምክንያቱም…» ብላችሁ ጨርሱት። አንድ ተማሪ ቢሮዬ የመጣው ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «ዜሮ ላይ ሊሚቱን ከግራ በኩል አግኝቻለሁ። ከቀኝ በኩል ስመጣ ከሁለቱ ቀመሮች የትኛውን እንደምጠቀም አላወቅኩም።» ሦስት ደቂቃ አልፈጀብንም። እንዲያውም ጥያቄውን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ነው መልሱን ያገኘው። ያው ቀን ሌላ ተማሪ መጥቶ «መምህር፣ ምዕራፉ በሙሉ አልገባኝም» አለኝ። ከእሱ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ያልገባው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዓቱን የጨረስነው ሁለቱን በመፈለግ ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊቱን የሚሠራ ሰው ሲቆም የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። አሳይመንቱ በተሰጠበት ቀን ማታ 20 ደቂቃ ብቻ ስጡት። መጨረስ አይጠበቅባችሁም፤ ሁሉንም ጥያቄ አንብባችሁ የምትቆሙበትን ማወቅ ነው። የቀሩት ቀናት ለመጠየቂያ ይሆኗችኋል።

ስለ ግሩፕ አሳይመንት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሽፋኑ ላይ ሰባት ስም፣ ውስጡ የአንድ ሰው ሥራ። ስድስቱ ነጥቡን ወሰዱ፤ ሰባተኛው ብቻውን ደከመ፤ ስድስቱ ደግሞ ፋይናል ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። እኔ የማውቀው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ስትሰበሰቡ እስክሪብቶው ባልገባው ሰው እጅ ይሁን። የገባው ይናገር፣ ያልገባው ይጻፍ። ጸሐፊው ያልገባው መስመር ላይ እጁ ይቆማል፤ ሁላችሁም ያን ጊዜ ትቆማላችሁ። የገባው ልጅም ሲያስረዳ ነው ለራሱ በደንብ የሚገባው።

ቻትጂፒቲንም በየኪሳችሁ ይዛችሁ እንደምትዞሩ አውቃለሁ። አትንኩት አልላችሁም። ጥያቄውን እንዳለ ለጥፋችሁ መልሱን ከወሰዳችሁ ግን እኔ ሲኒየሮቼ ከሠሩት ወረቀት ላይ የወሰድኩትን ነው የወሰዳችሁት። ያልተጻፈ መጽሐፍ ጠቅሶ፣ የተሳሳተ ስሌት አሳምሮ ሊያቀርብ እንደሚችልም እወቁ፤ ስህተቱን ለመያዝ ደግሞ ቀድሞ የሞከረ ሰው ያስፈልጋል። የቆማችሁባትን መስመር ጻፉለትና ስለ እሷ ብቻ ጠይቁት። መልስ ሲሰጣችሁ ስክሪኑን ዝጉና ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ ራሳችሁ ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ባልደረቦቼንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሳይታረም የቀረ፣ ወይም ከፋይናል በኋላ የተመለሰ አሳይመንት ተማሪውን ምንም አላስተማረውም። ሁሉንም ማረም ካልቻልን አንዱን ጥያቄ መርጠን በደንብ እናርም። በእኔ ኮርስ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ መልሱ ላይ ባይደርስም የቆመበትን ቦታ በግልጽ የጻፈ ተማሪ የጥያቄውን ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ያለ አንድም ሙከራ የመጨረሻው መልስ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ያን ያህል አያገኝም። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ቲቶሪያሉ የሚጀምረው የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በየትምህርቱ መምህር ወይም ሲኒየር ተማሪ ይኖራል። ተጠናቆ የተሠራ ወረቀት ይዛችሁ እንድትመጡ አልፈልግም። ግማሽ ድረስ የሄደ፣ የተሰረዘ የተደለዘ፣ ከታች «እዚህ ላይ ቆምኩ» የሚል የተጻፈበት ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ከዚያ መስመር እንቀጥላለን።

አመሰግናለሁ።