ፒሲኦኤስ፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ማነው?

[ስክሪኑ ላይ፦ የአልትራሳውንድ ምስል። ኦቫሪው ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቋቁር ክቦች።]

እነዚህን ጥቋቁር ክቦች አያችኋቸው? ፒሲኦኤስ (የኦቫሪን፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) አለብሽ የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ የምታየው ይህን ምስል ነው። “ኦቫሪሽ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ” ትባላለች። ትደነግጣለች። በኦፕሬሽን የሚወጣ እባጭ ይመስላታል። ግን አይደለም። እያንዳንዱ ክብ እንቁላል የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው። ማደግ ጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል፤ በቃ።

ለምን ቆመ? ለመልሱ ወደ አንጎል መውጣት አለብን።

[እነማ፦ ከኦቫሪው ወደ አንጎል ሥር የሚወጣ መስመር።]

አንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያሉ ነርቮች ጂኤንአርኤች የተባለ ኒውሮፔፕታይድ ይለቃሉ። ኒውሮፔፕታይድ ማለት ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበት አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። የጂኤንአርኤች ሰንሰለት 10 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። መልእክቱ እዚያው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ጋ ሲደርስ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይገባሉ። ኤፍኤስኤች ከረጢቱን ያሳድጋል። ኤልኤች ደግሞ ኦቫሪው የወንድ ሆርሞን የሚባሉትን ቴስቶስትሮንና መሰሎቹን እንዲያመርት ያዛል። አዎ፣ ሴቶችም ቴስቶስትሮን አላቸው።

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ጂኤንአርኤች ዝም ብሎ አይፈስም። ለቀቅ ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ለቀቅ ይላል። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ተመራማሪው ኤርነስት ክኖቢል እና ባልደረቦቹ የራሳቸው ጂኤንአርኤች እንዲጠፋ ለተደረጉ ጦጣዎች ሆርሞኑን ከውጭ ሰጡ። ያለማቋረጥ ሲሰጧቸው ኤልኤችም ኤፍኤስኤችም ወደቁ። በሰዓት አንዴ ሲሰጧቸው ግን ሁለቱም ተመለሱ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለየው አሰጣጡ ነው።

ፍጥነቱም ለውጥ ያመጣል። ቶሎ ቶሎ ሲለቀቅ ኤልኤች ይበዛል፤ ዘግየት ሲል ኤፍኤስኤች ያይላል። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ላይ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኤልኤች ይበዛል፣ ቴስቶስትሮን ይከተላል፣ ከረጢቱን ለማስጨረስ ግን ኤፍኤስኤች አይበቃም። አገጭ ላይ የሚበቅለው ፀጉር፣ አልጠፋ የሚለው ብጉር፣ ሁለት ሦስት ወር የሚጠፋው የወር አበባ የሚመጣው እንዲህ ነው።

[እነማ፦ አንድ ነርቭ፣ ሦስት ቀለም ያላቸው ጠብታዎች።]

ታዲያ ፍጥነቱን ማን ይወስናል? ሃይፖታላመስ ውስጥ ሦስት ኒውሮፔፕታይዶችን በአንድ ላይ የያዙ ነርቮች አሉ። ኒውሮካይኒን ቢ ነዳጅ ይሰጣል፤ ዳይኖርፊን ፍሬን ይይዛል፤ ኪስፔፕቲን ትእዛዙን ለጂኤንአርኤች ያደርሳል። የኪስፔፕቲን ጂን መጀመሪያ የተገኘው በ1996 የካንሰር ስርጭት ሲጠና ነው። ከመራባት ጋር ያገናኘው አልነበረም። በ2003 ግን የኪስፔፕቲን መቀበያቸው የተበላሸ ሰዎች ጉርምስና እንደማይመጣላቸው ታወቀ።

ፍሬኑን የሚያስይዘው ፕሮጄስትሮን የሚባል የኦቫሪ ሆርሞን ነው። እሱ የሚበዛው ደግሞ እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የለም፤ ፕሮጄስትሮን ከሌለ ፍጥነቱ አይበርድም፤ ካልበረደ እንቁላል አይወጣም። አዙሪት ነው። ይባስ ብሎ የበዛው ቴስቶስትሮን አንጎልን ለፕሮጄስትሮን ያደነቁረዋል። ይህ የታወቀው ፍሉታማይድ የተባለ የቴስቶስትሮንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ አንጎሉ እንደገና “መስማት” በመጀመሩ ነው።

የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አልረሳሁትም። ሲበዛ ኦቫሪውን ይገፋል፤ ቴስቶስትሮንንም ያባብሳል። ሁሉም ሴት ላይ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ኢንሱሊን እንዲወርድ “ክብደት ቀንሺ” ብቻ ብሎ መሸኘት፣ በእኔ እይታ፣ ግማሽ መልስ ነው።

አሁን የኒውሮካይኒን ቢን መቀበያ የሚዘጉ መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ፌዞሊኔታንት፣ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ለማረጥ ጊዜ የሙቀት ስሜት ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ላይ በተደረጉ አነስተኛ ሙከራዎች ኤልኤችም ቴስቶስትሮንም ቀንሰዋል። ያም ሆኖ ለፒሲኦኤስ አልተፈቀደም፤ ጉበት ላይም ከባድ ማስጠንቀቂያ አለው። ኦንላይን አይታችሁ እንዳታዝዙ።

[ስክሪኑ ላይ፦ የእንክብል ማሸጊያ።]

“አላገባሁም፣ የወሊድ መከላከያ ምን ያደርግልኛል?” የምትል አትጠፋም። እንክብሉ ውስጥ ፕሮጄስትሮንን የሚተካ ሆርሞን አለ። ያ ፍጥነቱን ያበርዳል፣ ኤልኤች ይወርዳል፣ ቴስቶስትሮንም ይከተላል። መውለድ ለምትፈልግ ደግሞ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ሌትሮዞል በሚባል መድኃኒት ነው። የሚወሰደው ለ5 ቀን ነው። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ አንጎልም “ጎደለ” ብሎ ኤፍኤስኤች ይጨምራል። ያ የቆመው ከረጢት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።