ሐምራዊ ቀለም ብቻውን አይመሰክርም፦ የኤንዞ ፌራሪን ፊርማ ስለመለየትና ስለማቆየት

ክቡራትና ክቡራን፣ ፊርማ የምትሰበስቡም ሆናችሁ ገና ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የፌራሪ መኪና መሥራች የሆነው የጣሊያናዊው የኤንዞ ፌራሪ ፊርማ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠራው ሐምራዊውን ቀለም ነው። እውነት ነው፤ ሰውየው ቀለም በሚሞላ ብዕር፣ በሐምራዊ ቀለም መፈረም ልማዱ ነበር። ይህን ግን ፎርጅድ የሚሠራውም ያውቃል፤ ሐምራዊ ቀለም በጠርሙስ ዛሬም ይሸጣል። ስለዚህ ቀለሙ ምርመራ ያስጀምረን እንደሆነ እንጂ ገንዘብ ሊያስከፍለን አይገባም። የምንከፍለው ለእጁ እንቅስቃሴ፣ ለወረቀቱ ዕድሜና ወረቀቱ በማን በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ለሚያሳየው ማስረጃ ነው።

ምንም ወጪ ከሌለው እንነሳ፤ እሱም ዓመታትን ማመሳከር ነው። የምጠቅሳቸው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፌራሪ በ1898 ሞዴና ውስጥ ተወልዶ ኦገስት 14 ቀን 1988 ዐረፈ። ስኩዴሪያ ፌራሪ የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ቡድን የመሠረተው በ1929 ሲሆን በ1930ዎቹ ያሰልፍ የነበረው የአልፋ ሮሜዮ መኪኖችን ነው። ከአልፋ ሮሜዮ ሲለያይ ለአራት ዓመት በስሙ እንዳይወዳደር በውል ስለታሰረ፣ በ1939 ያቋቋመው ድርጅት አውቶ አቪዮ ኮስትሩዚዮኒ ተባለ። ፋብሪካው ወደ ማራኔሎ የተዛወረው በ1943 ነው። እንግዲህ በ1938 ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ አናቱ ላይ የማራኔሎ አድራሻ ታትሞበት ከመጣ፣ ፊርማውን ለማየት እንኳ አትድከሙ።

ፎቶግራፍም በዚሁ ይዳኛል። ኤፍ40 የተባለው የፌራሪ መኪና ለሕዝብ የቀረበው በጁላይ 1987 ነው፤ ፌራሪ ከዚያ በኋላ የኖረው 13 ወር ገደማ ስለሆነ እዚያ ፎቶ ላይ መፈረም ይችል ነበር። 348 የተባለው ሞዴል ግን የወጣው በ1989 ነው። የፌራሪ ፊርማ ያለበት የ348 ፎቶ ሊኖር አይችልም። የድሮ ፎቶ ሆኖ ቀለም በሚረጭ (ኢንክጄት) ፕሪንተር የታተመም እንዲሁ ውድቅ ነው፤ ምስሉ የ1957 ቢሆንም ወረቀቱ ከሰውየው ሞት በኋላ የተሠራ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ምስሉ በተረጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ይሆናል።

አሁን ወደ ፊርማው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን ዝቅ ብሎ የሚያበራ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ፌራሪ ብዙ ጊዜ የሚፈርመው በቤተሰቡ ስም፣ «ፌራሪ» ብቻ ብሎ ነው፤ ብዕሩም ሲጫን መስመሩ ይሰፋል፣ ሲላላ ይቀጥናል። በላቲን ፊደል ሁለቱ «አር» የሚያያዙበትን ቦታ ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ልማደኛ እጅ እዚያ አይቆምም። ፎርጅድ ሠሪ ግን ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት የሚኮርጀውን ናሙና ቀና ብሎ ያያል፤ ብዕሩ በቆመባት ቅጽበት ቀለሙ ይጠራቀምና ጠቆር ያለ ነጥብ ይተዋል። የፊርማው መጀመሪያና መጨረሻም ይናገራል። እውነተኛው ብዕር ወረቀቱን የሚነካውም የሚለቀውም በሩጫ ላይ ስለሆነ ጫፎቹ ይሾላሉ፤ የተኮረጀው ዶልዱሞ ይጀምራል፣ ዶልዱሞ ያበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መንቀጥቀጥ ላይ ነው። የ1980ዎቹ ፊርማ የሽማግሌ እጅ ነውና ቢንቀጠቀጥ አያስደንቅም። ግን የሽማግሌ እጅ እየተንቀጠቀጠም ይፈጥናል፣ ወደ ለመደው ቅርጽም ይሄዳል። የፎርጅድ መንቀጥቀጥ ከዝግታ የሚመጣ ስለሆነ የመስመሩ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ለማነጻጸር ከዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ምንጫቸው የታወቀ ቢያንስ አምስት ፊርማዎች ያዙ፤ የ1950ዎቹን ከ1980ዎቹ ጋር አታወዳድሩ። ከአንዱ ናሙና ጋር አንድም ሳይዛነፍ ከገጠመ ደግሞ ደስ አይበላችሁ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ እንዲህ የሚገጥመው የተገለበጠ ወይም የታተመ ነው። ሕትመት ከሆነ ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ያረፈበት ጭረት የለውም፤ ባትሪውን ከጎን ስታበሩ ይለያል።

ደብዳቤ ከሆነና ፊርማው እጥፋቱን የሚያቋርጥ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ደብዳቤ የሚፈረመው ከመታጠፉ በፊት ነው። ከታጠፈ በኋላ የተፈረመ እንደሆነ ቀለሙ በተሰበሩት የወረቀት ቃጫዎች ውስጥ ገብቶ በእጥፋቱ መስመር ግራና ቀኝ ይፈሳል። ባዶ የድሮ ወረቀት ገዝተው ለሚፈርሙ ሰዎች ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው። ከዚያ ክፍሉን አጨልማችሁ የገንዘብ ኖት የሚመረመርበትን የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎች የተስፋፉት ከ1950 ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ የ1930ዎቹ ነው የተባለ ወረቀት ደማቅ ሰማያዊ ካበራ ሻጩን ተሰናበቱት። ካላበራ ግን አለፈ ማለት አይደለም፤ ያላገለገለ አሮጌ ወረቀት ከድሮ መጽሐፍ መገንጠል ቀላል ነው።

ስለ ሰርተፍኬት አጭር ነገር ልበል። በ1990ዎቹ የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በያዘው የስፖርተኞች ፊርማዎች ምርመራ፣ ሐሰተኞቹ ፊርማዎች የሚሸጡት ከምስክር ወረቀት ጋር ነበር። ማረጋገጫ የሰጠው ማነው፣ ስህተት ቢገኝ ገንዘብ ይመልሳል ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ለኔ ከአንድ የሚያምር ሰርተፍኬት ይልቅ ፖስታው ከነቴምብሩ፣ የጨረታው ደረሰኝና የቀድሞ ባለቤቱ ደብዳቤ ይሻለኛል።

የገዛችሁትን ደግሞ አታበላሹት። ሐምራዊ ቀለም ጠባዩ እንደ ቢሮ ማኅተም ነው፤ መስኮት ሥር በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ማኅተሙ ከጽሑፉ ቀድሞ ይጠፋል። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ኮፒውን ይሁን። ዋናውን ከአሲድ ነጻ በሆነ ካርቶን ደግፋችሁ በፖሊስተር ከረጢት ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ የሚሸተውን ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ይለጠፍበታል። በስኮች አትጠግኑ፣ ላሚኔት አታድርጉ። ላብ ያለበት ጣትም ሆነ እርጥብ ጨርቅ አይንካው፤ ቀለሙ በውኃ ይሟሟል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ካልተገኘ የሚመለስበትን ቀነ ገደብ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሻጩ በቃል ብቻ ካለ ይቅርባችሁ።

መብራቱና መነጽሮቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ይዛችሁ የመጣችሁት ካለ ቀርባችሁ አብረን እንየው። አመሰግናለሁ።