ክኒኑ፣ ሽሮው እና ሁለት ኢንዛይሞች፦ የፓርኪንሰን መድኃኒት እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ መንዝ። በመዳፍ ላይ የተያዘ፣ ነጭ ሥር ያወጣ ገብስ]

ይህ ለጠላ የተዘጋጀ ብቅል ነው። ገብሱ ተነክሮ ሲጎነቁል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ያወጣል። አሚሌዝ ስታርቹን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል፤ ስኳሩን አልኮል የሚያደርገው ደግሞ እርሾው ነው። ብቅሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ኢንዛይሙ ቅርጹ ይበላሻል፣ ሥራውም እዚያ ላይ ያበቃል። ኢንዛይም ሥራው ያለው ቅርጹ ላይ ነው።

[ሥዕል፦ ታይሮሲን → ሌቮዶፓ → ዶፓሚን የሚለው ሰንሰለት ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል]

አንጎልም እንዲሁ በኢንዛይም ይሠራል። ከምግብ የሚገኘውን ታይሮሲን አንድ ኢንዛይም ወደ ሌቮዶፓ ይቀይረዋል። ሁለተኛው ኢንዛይም፣ ዲካርቦክሲሌዝ፣ በቫይታሚን ቢ6 እየታገዘ ሌቮዶፓን ዶፓሚን ያደርገዋል፤ ዶፓሚን አንጎል የሰውነትን እንቅስቃሴ ለመምራት የሚጠቀምበት ኬሚካል ነው። በፓርኪንሰን ዶፓሚን አምራች ሴሎች ይሞታሉ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል።

ታዲያ ዶፓሚኑን ራሱን ለምን አንውጠውም? በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። ሌቮዶፓን ግን ያሳልፋል። ችግሩ ዲካርቦክሲሌዝ አንጎል ውስጥ ብቻ አለመኖሩ ነው፤ አንጀትም ጉበትም ሞልቶታል። ሌቮዶፓ ብቻውን ከተዋጠ አብዛኛው መንገድ ላይ ዶፓሚን ሆኖ ይቀራል፤ ትርፉ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ነው።

[ምስል፦ ሁለት የክኒን ማሸጊያዎች፣ 100/25 እና 250/25]

ለዚህ ነው ክኒኑ ሁለት መድኃኒት የያዘው። ትልቁ ቁጥር ሌቮዶፓ፣ ትንሹ ካርቢዶፓ ነው። ካርቢዶፓ ዲካርቦክሲሌዝን ይገታል፤ ራሱ አጥሩን ስለማያልፍ ግን የአንጎሉን ኢንዛይም አይነካውም። ውጭ ያለውን ኢንዛይም በደንብ ለመግታት በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉት። ባለ 250/25ቱን ለሁለት እየከፈለ በቀን ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ የሚውጥ ሰው 375 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ያገኛል፤ ካርቢዶፓው ግን 37.5 ብቻ ነው። ያቅለሸልሸዋል፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ባለ 100/25ቱን በቀን አራት ጊዜ ቢወስድ ሌቮዶፓው 400፣ ካርቢዶፓው 100 ይሆናል። ለውጡን የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ ጥያቄውን ግን ታማሚው ማንሳት ይችላል።

[ምስል፦ የእነዋሪ ባቄላ ማሳ፣ እሸት]

ባቄላስ? ሌቮዶፓ ከባቄላ የተለየው በ1913 ነው፤ የለየውም ማርከስ ጉገንሃይም ይባላል። እሸቱ ውስጥ በእርግጥ አለ። መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ፣ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ካርቢዶፓ ደግሞ ጭራሹን የለውም። እሸቱን ብሉ፣ በክኒኑ ቦታ ግን አትተኩት።

[ምስል፦ ሽሮ በእንጀራ]

ሌቮዶፓ ከአንጀት ሲመጠጥም ሆነ አጥሩን ሲያልፍ የሚገባው ከፕሮቲን የሚመጡ አሚኖ አሲዶች በሚገቡበት በር ነው። ሽሮ፣ ምስርና ሥጋ በሩን ያጨናንቁታል። ስለዚህ ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል። ቁርስ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ ክኒኑ አንድ ተኩል ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ነገር ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በ90 ደቂቃ አካባቢ ስለሚገመስ፣ ክኒን የዘለለ ሰው ቀትር ላይ ከወንበር መነሣት ሊያቅተው ይችላል። የአይረን ክኒን ደግሞ ሌቮዶፓን ስለሚይዘው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ።

ሌላም አለ። አቅለሸለሸኝ ብሎ ጤና ጣቢያ ለሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። ማስታወኩን ቢያስቆምም ፓርኪንሰኑን ያባብሰዋል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ከመድረሳችሁ ጀምሮ «የፓርኪንሰን መድኃኒት እወስዳለሁ» በሉ።

[ምስል፦ ባዶ የክኒን ማሸጊያ]

ክኒኑ ሳያልቅ ከሳምንት በፊት አስሞሉ፤ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ቀን ይፈጃል። በድንገት ከተቋረጠ ከባድ ግትርነት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና መወናበድ ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ እስከ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ነው።