ካሜራው ወደ ደብተሩ ይዙር

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው በቪዲዮ ጥሪ ስለማስተማርና ስለመማር ነው። ዙም ይሁን ጉግል ሚት፣ ቴሌግራም ይሁን ዋትስአፕ፣ ለኛ ለውጥ የለውም። ኤልሳ ኮዬ ፈጬ ነው የምትኖረው፤ ማታ ማታ ሂሳብ ታስጠናለች። እኔ ደግሞ በስልክ የሚያጠና ልጅ አባት ነኝ። ስለዚህ አንዳችን ከአስተማሪ፣ አንዳችን ከወላጅ ወገን ሆነን እንጫወታለን።

ኤልሳ፦ እሺ ብሩኬ። እኔ ከሰፈሩ ልጀምር። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ እዚህ ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ጊዜያችን መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። አስጠኚው መገናኛ ታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ቢደርስ ማን ማንን ያስጠናል? እሱም ደክሞታል፣ ልጁም እንቅልፉ መጥቷል። ለኛ የቪዲዮ ጥሪ ቅንጦት አይደለም። ያንን መንገድ ነው የሚያስቀርልን።

ብሩክ፦ መጀመሪያ የለመድነው በኮቪድ ጊዜ አይደል? መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ወርክሺት ይልኩ ነበር። ልጁ ይሠራል፣ እናቱ ፎቶ አንስታ ትመልሳለች።

ኤልሳ፦ መምህራኑ ያኔ የለፉት ልፋት ቀላል አይደለም፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን በፎቶ የሚመጣው ያለቀ ሥራ ነው። ልጁ የጻፈውን መልስ ታያለህ እንጂ እዚያ እንዴት እንደደረሰ አታይም። ሂሳብ ላይ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ብሩክ፦ ቪዲዮ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው እያልሽ ነው?

ኤልሳ፦ አዎ፣ ካሜራው የሚዞርበትን ካወቅንበት። ቪዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፊት ነው። አስተማሪው ፀጉሩን አስተካክሎ ይቀመጣል፣ ልጆቹ በየሳጥናቸው ተደርድረው ያዩታል። አርባ ደቂቃ ፊት ለፊት መተያየት! እኔ የምለው ካሜራው ወደ ደብተሩ ይዙር ነው። የአስተማሪውም፣ የተማሪውም።

ብሩክ፦ እስቲ አደራረጉን ንገሪን። ስልክ ማቆሚያ የለኝም የሚል ብዙ ነው።

ኤልሳ፦ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ መጽሐፍ ቆልል። ከፍታው ሁለት ስንዝር ቢደርስ ጥሩ ነው። ከአንዱ ቁልል ወደ ሌላው ሁለት ረጃጅም ማስመሪያ አጋድም። ስልኩን ስክሪኑን ወደ ላይ አድርገህ ማስመሪያዎቹ ላይ ታስተኛዋለህ። የኋላ ካሜራው በመሃላቸው ባለው ክፍተት ቁልቁል ደብተሩን ያያል። በቀኝ እጅህ የምትጽፍ ከሆነ መብራቱ በግራህ በኩል ይሁን፣ አለበለዚያ የእጅህ ጥላ ጽሑፉ ላይ ያርፋል። እስክሪብቶው ደመቅ ያለ ይሁን፣ ቁጥሩም ተለቅ ይበል። በቃ፣ ሰሌዳህ ይህ ነው።

ብሩክ፦ በፊት ካሜራ ቢሆንስ? ልጄ የሠራውን ሲያሳይ ቁጥሩ ሁሉ ተገልብጦ ነበር የሚታየው።

ኤልሳ፦ ያ የሚገለበጠው ለራሱ ብቻ ነው። ስልኩ ለባለቤቱ በመስታወት የሚያይ አስመስሎ ነው የሚያሳየው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ያነበዋል። የኋላ ካሜራ ይህ ግርታ የለበትም። ብዙ ስልክ ላይ ጥራቱም ይሻላል።

ብሩክ፦ እሺ፣ ደብተሩ ታየ። ምን ተገኘ?

ኤልሳ፦ አንዲት ተማሪ ልንገርህ። 5 ሲቀነስ፣ በቅንፍ ደግሞ ኤክስ ሲቀነስ 2፣ እሱን እየፈታች ነው። ወርክሺት ላይ ሁልጊዜ ትሳሳተዋለች፤ 5 ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 2 ብላ ትጽፋለች። በፎቶ ብታየው «ምልክት ረስታለች» ብለህ በቀይ አርመህ ታልፋለህ። በካሜራ ግን እጇን አየሁት። 5ን ጻፈች፣ ቀናሹን ጻፈች፣ ኤክስን ጻፈች። የቅንፉ ሁለተኛ ቁጥር ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ወረቀቱን ነካ አድርጎ ተነሳ። ዝም አልኩ። ከዚያ «ቲቸር፣ ውጪ ያለው ቀናሽ ለኤክስ ብቻ ነው ወይስ ለሁለቱም?» አለችኝ።

ብሩክ፦ አሃ! አልረሳችም ማለት ነው።

ኤልሳ፦ አልረሳችም። ያልገባት ነገር ነበር። የሚገርመው ደግሞ ራሷ ጠርጥራዋለች፤ የሚጠይቃት ሰው ነው ያጣችው። «ለሁለቱም ነው፣ ስለዚህ ሲቀነስ 2 የነበረው ሲደመር 2 ይሆናል» ብዬ አስረዳኋት። ይህንን የእጅ መቆም ክፍል ውስጥ በ50 ተማሪ መሃል ማየት ይከብዳል። በስልክ፣ ለሦስት ለአራት ልጅ፣ ይታያል። እኔን ይህን ሥራ ያስወደደኝ እሱ ነው።

ብሩክ፦ ግን እንደ ወላጅ አንድ ነገር ልሟገትሽ። ፊቱ ካልታየ ልጁ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ስልኩን አስቀምጦ ኳስ ሊሄድ ይችላል።

ኤልሳ፦ እጁ እየጻፈ ካየኸው አለ። በተረፈ ሰላምታ ላይ ፊት ለፊት እንተያይ። «ደህና ዋላችሁ? ማን ታመመ? ፈተና እንዴት ነበር?» ይባል። እሱ መቅረት የለበትም። ከዚያ ካሜራው ይዙር። ትንንሽ ልጆች ከሆኑ ግን አልከራከርህም፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ የአስተማሪውን ፊት ካላየ አይቀመጥልህም።

ብሩክ፦ ቋንቋስ? ውጭ ላሉ ልጆች አማርኛ የሚያስተምሩ እኛ ሰፈር አሉ።

ኤልሳ፦ እሱ ላይ ፊት የግድ ነው። ጎረቤቴ ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ልጆች ታስተምራለች። ፊደሉን ሲጽፉ ካሜራው ደብተራቸው ላይ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጰ ላይ ሲደርሱ ግን ስልኩን አንስታ አፏን ታሳያቸዋለች። ጰ ስትል ከንፈር እንዴት ተጣብቆ እንደሚፈነዳ ልጁ ካላየ ፐ ብሎ ነው የሚቀረው። ትምህርቱ ያለው እጅ ላይ ከሆነ ካሜራው ወደ እጅ፣ አፍ ላይ ከሆነ ወደ አፍ።

ብሩክ፦ የሰዓቱን ነገርም አንሺው፣ ብዙ ሰው ያምታታል።

ኤልሳ፦ በጣም እንጂ! የአሜሪካ ሰዓት በዓመት ሁለቴ ይቀየራል፣ የኛ አይቀየርም። እነሱ ጋ ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጅ 11 ሰዓት የሚጀመር ክፍል በክረምታቸው እኛ ጋ ማታ 1 ሰዓት ነው። መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ሰዓታቸውን ሲያስቀድሙ ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ይመለሳል። እዚሁ አገር ውስጥም ቢሆን ዙም የሚልከው ሊንክ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው። «ማታ 2 ሰዓት» ያልከው 8 ሰዓት ሆኖ ይመጣል፣ ልጁ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት ይገባል። ሊንኩ ስር በአማርኛ «ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ብሩክ፦ ወደ ዳታ እንምጣ። ወላጅን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። «ፓኬጁን በአንድ ቀን ጨረሰው» የማይል የለም።

ኤልሳ፦ እውነታቸውን ነው። የቡድን ቪዲዮ በዙም ሁሉም ካሜራ ከፍቶ፣ ጥራቱ መካከለኛ ቢሆን፣ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን አየኸው? ስለዚህ የኔ ሕግ ቀላል ነው። ማይክ ለሁሉም፣ ካሜራ ግን በዚያ ሰዓት እየጻፈ ላለው ሰው ብቻ። ተራ በተራ ይከፍታሉ።

ብሩክ፦ ዩቲዩብ ላይ ሳይቆራረጥ የሚያይ ስልክ ዙም ላይ ለምን እንደሚንተባተብ ግን አይገባኝም ነበር።

ኤልሳ፦ ዩቲዩብ ቪዲዮውን ቀድሞ እያወረደ ያጠራቅማል። ኔትወርኩ ለአፍታ ቢጠፋ ካጠራቀመው ያሳይሃል። የቀጥታ ጥሪ ግን ማጠራቀም አይችልም፤ ገና ያልተነገረ ነገር ከየት አምጥቶ ያስቀምጣል? በዚያች ቅጽበት ያልደረሰው ድምፅ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ያንተም ምስል መላክ አለበት፣ ሲላክ ያለው ፍጥነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲወርድ ካለው ያነሰ ነው። ለዚህ ነው «እየቆረጠ ነው» ሲባል መጀመሪያ የራስህን ካሜራ የምትዘጋው። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ቦታ መምረጥ ነው፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ማለት ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ብሩክ፦ የዙም 40 ደቂቃስ? ነፃው እዚያ ላይ ይዘጋል።

ኤልሳ፦ እኔ ወድጄዋለሁ። ብዙ ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ስልክ ላይ አፍጥጦ የሚቀመጥ ልጅ የለም፣ መቀመጥም የለበትም። ረዘም ያለ የፈለገ ጉግል ሚት አለለት፤ በነፃ ለቡድን 60 ደቂቃ ይሰጣል። ስለ መተግበሪያ ምርጫ ብዙ አልጨቃጨቅም፤ ወላጁ ስልክ ላይ ቀድሞ ያለውን ተጠቀም። ሊንኩን ብቻ ለማንም አትበትን። ትልቅ ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ ማንም ገብቶ ልጆቹ ፊት የፈለገውን ሊያሳይ ይችላል። የይለፍ ቃል ይኑረው፣ የሚገባውንም አንተ ፍቀድ።

ብሩክ፦ ስልኩ የአባት በሆነበት ቤት ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። አባት ስልኩን ይዞ ሥራ ይወጣል። እሱ ሲመለስ ነው ልጁ የሚማረው።

ኤልሳ፦ ለዚህ ነው ማታ የማደርገው። ውሃ የሚመጣበትን ቀንም አያለሁ፤ ያን ቀን ልጁ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ላይ ነው፣ ማንም አይማርም። ስልክ ጭራሽ ለሌለው ልጅ ደግሞ እኔ የማደርገው ከጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ካሜራው ደብተር ላይ ከሆነ ለሁለት አይከብድም፤ ሁለቱ ደብተር ጎን ለጎን ይታያል። እንዲያውም አንዱ ሲጽፍ ሌላው ስህተቱን ያይለታል። ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ ይጋፉ ነበር።

ብሩክ፦ ትምህርት ቤቶችም እየሰሙን ከሆነ አንድ ነገር ጠይቂያቸው።

ኤልሳ፦ የመምህሩን ዳታ ይክፈሉ። ማታ ልጆች እንዲያግዝ የሚጠየቅ መምህር ፓኬጁን ከኪሱ ነው የሚገዛው፣ ከደመወዙ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ለክፍሉ ጠመኔ ይገዛል አይደል? መምህሩ ጠመኔ ከቤቱ ይዞ ይምጣ የሚል ዳይሬክተር አላየሁም። ዳታውም የማስተማሪያ ዕቃ ነው። በወር ስንት ሰዓት እንዳስተማረ ይመዝገብ፣ በዚያ ልክ ካርድ ይሰጠው። ወላጅ ኮሚቴ ላይ የተቀመጣችሁ ሰዎች ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህንን አጀንዳ አስይዙልን።

ብሩክ፦ እኔም ልጄ በሚማርበት ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ አስይዘዋለሁ።

ኤልሳ፦ የሰዓት መዝገቡን እኔ አዘጋጅቼ ልላክልህ፣ ይዘኸው ግባ።