የብሪታኒ ወደቦች የሚከፈቱበት ሰዓት፦ ለእንግዳ የጀልባ ተጓዥ

[ምስል፦ የሳን-ማሎ የድንጋይ ቅጥር ከሩቅ፤ ከፊቱ የማሪና መግቢያ፤ በመግቢያው ላይ በብርሃን የሚታይ ቁጥር]

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ በምትገኘው የሳን-ማሎ ከተማ ባ-ሳብሎን የሚባል ማሪና፣ ማለትም የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ፣ አለ። በመግቢያው የቆመው ሰሌዳ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ይኸውም በመግቢያው ሥር ከተሠራው ግድብ በላይ በዚህች ደቂቃ ስንት ሜትር ውሃ እንዳለ ነው። ቁጥሩ 1.5 ሲሆን መካከለኛ የሸራ ጀልባ ይዞ የመጣ እንግዳ ከውጭ ሆኖ ይጠብቃል፤ 2.5 ሲሆን ቀስ ብሎ ይገባል። ከእንግሊዝ ወይም ከኔዘርላንድስ ተነሥቶ ወደዚህ ጠረፍ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ስለ ወደቦቹ ውበት ከማንበቡ በፊት ይህን ሰሌዳ ማንበብ መቻል አለበት።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በአማርኛ ለዚህ ክስተት ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ቃል ስለሌለን፣ በዚህ ዝግጅት ሙላትና ሽሽት እያልን እንቀጥላለን። የክስተቱ ምንጭ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው፤ በሳን-ማሎ አካባቢ ግን ከአትላንቲክ ተነሥቶ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ወዳለው ጠባብ ባሕር የሚገባው ውሃ የኮታንታን ባሕረ ገብ መሬት ስለሚያግደው፣ ከፍታው ከአብዛኛው የዓለም ጠረፍ ይበልጣል። ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ ከሆነች ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ በሚመጣው ትልቅ ሙላት ውሃው በአማካይ 12.2 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል። ጨረቃ በግማሽ በምትታይባቸው ቀናት ደግሞ ሙላቱ 9.3 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ሽሽቱም ከ4.2 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድም። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚለኩት በባሕር ካርታ ላይ ዜሮ ከተባለው፣ ባሕሩ እጅግ በሸሸ ጊዜ ከሚደርስበት ዝቅተኛ ከፍታ ተነሥቶ ነው።

ውሃው የሚወጣውም የሚወርደውም በእኩል ፍጥነት አይደለም። መርከበኞች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት እንደሚለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ልዩነት አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሰዓት ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ አመጣጡ ይቀዘቅዛል። በትልቁ ሙላት ጊዜ ይህ ሲሰላ ውሃው በመካከለኛዎቹ ሰዓታት በየደቂቃው አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሻይ አፍልቶ እስኪጠጡ ድረስ ግማሽ ሜትር ውሃ ሄዷል።

[ምስል፦ የግድቡ ሥዕል በጎን በኩል፤ በላዩ የጀልባ ቅርጽ]

አሁን ወደ ባ-ሳብሎን እንመለስ። በመግቢያው ሥር ያለውን ግድብ ከቤት ደፍ ጋር ብናመሳስለው አንሳሳትም። ባሕሩ ሲሸሽ ደፉ በውስጥ ያለውን ውሃ ገድቦ ስለሚያስቀር፣ የታሰሩት ጀልባዎች እንደተንሳፈፉ ይቆያሉ። የደፉ አናት ከካርታው ዜሮ 2 ሜትር ከፍ ይላል። ጀልባዎ ከውሃው ወለል በታች 1.8 ሜትር የሚጠልቅ ከሆነና ለጥንቃቄ ግማሽ ሜትር ከጨመሩ፣ የባሕሩ ከፍታ ቢያንስ 4.3 ሜትር እስኪሆን መጠበቅ ይኖርብዎታል። ጨረቃ በግማሽ በምትታይባቸው ቀናት ሽሽቱ ራሱ እዚህ ቁጥር አጠገብ ስለሚያበቃ፣ ደፉ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ክፍት ነው። በትልቁ ሙላት ሰሞን ግን ደፉ በሽሽት ጊዜ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። በሳን-ማሎ የትልቁ ሙላት ከፍታ ዘወትር ጠዋትና ማታ ላይ ስለሚውል፣ ዝቅተኛው ውሃ የሚያጋጥመው ከቀትር በኋላ ነው፤ ምሳ በልቶ እግሩን ሊያፍታታ የሚመጣ እንግዳ የሚደርሰው ልክ ደፉ በደረቀበት ሰዓት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ውሃው እየሞላ ሳለ ደፉን የነካ ጀልባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነሣል፤ እየሸሸ ሳለ የነካ ግን እዚያው ተቀምጦ፣ ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ሰዓታት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ በጠባብ ልዩነት መግባት ግድ ቢሆን እንኳ በሙላት ጊዜ እንጂ በሽሽት ጊዜ አይሞከርም።

ከሳን-ማሎ በስተምዕራብ፣ በሮዝ ድንጋዩ በታወቀው ጠረፍ ላይ ያለው ፔሮስ-ጊሬክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዚህ ወደብ ግድብ ከፍ ያለና በር የተገጠመለት ስለሆነ፣ በሩን ለመክፈት ውሃው ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ጨረቃ በግማሽ በምትታይበት፣ በደካማው ሙላት ሰሞን ውሃው የሚፈለገውን ከፍታ ላያገኝ ስለሚችል፣ በሩ ለቀናት ሳይከፈት ይቀርና ውስጥ ያለው ውስጥ፣ ውጭ ያለው ውጭ ይውላል። የሳን-ማሎን ደፍ የከፈተችው ያችው ጨረቃ የፔሮስን በር ትዘጋለች። ፈረንሳዮች የሙላቱን ጉልበት ከ20 እስከ 120 በሚደርስ ቁጥር ይገልጹታል፤ 45 የደካማው፣ 95 የትልቁ ሙላት አማካይ ነው። ስለዚህ አንድ ወደብ በየትኛው ቁጥር እንደሚከፈት ማወቅ የወደቡን ስም ከማወቅ ይበልጣል። የሙላት ሠንጠረዡ የአውሮፓን የበጋ (የሙቀት ወራት) የሰዓት ለውጥ አካቶ እንደሆነም መመልከት ያስፈልጋል፤ ሠንጠረዡ የክረምቱን (የብርድ ወራቱን) ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ በበጋ አንድ ሰዓት መጨመር ግድ ነው።

በሁለት በሮች መካከል ውሃውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጀልባ የሚያስገቡ ወደቦችም አሉ። የሳን-ማሎው ቮባን ገንዳ ከከተማው ቅጥር ሥር ያደርሳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አይስላንድ የሚሄዱ የዓሣ አጥማጆች መርከቦች መነሻ የነበረው ፓምፖልም እንግዳውን መሃል ከተማ ላይ ያሳርፋል። በእኔ አስተያየት ለእንቅልፍ ከእነዚህ የሚሻል የለም፤ ውሃው ስለማይንቀሳቀስ ሌሊት ተነሥቶ ገመድ የሚያላላ ሰው አይኖርም። ዋጋው የሚከፈለው በነፃነት ነው፤ በሩ የሚከፈተው ሙላቱ ከፍ በሚልበት አካባቢ ብቻ ነውና።

ሰዓት ለማይመቸው ተጓዥ በማንኛውም የውሃ ከፍታ የሚገባባቸው አዳዲስ ማሪናዎች ተሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የሳን-ካስትና በ2012 የተከፈተው የሮስኮፍ ማሪና ይጠቀሳሉ። ይሁንና ጥልቀት መኖሩ ችግሩን ሁሉ አያስወግድም። በሮስኮፍ የባሕሩ ጅረት በተንሳፋፊዎቹ መድረኮች መካከል አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ወደ ማሰሪያው ሲጠጉ ጀልባው ወደ ጎን ይገፋል፤ በወንዝ ውስጥ ባለው በትሬጊዬም እንዲሁ። በሁለቱም ቦታ ውሃው ሞልቶ ወይም ሸሽቶ ሳይንቀሳቀስ ቆም በሚልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች መድረስ ይመረጣል።

[ምስል፦ ትንሽ የወደብ ጀልባ እንግዳውን እየመራች]

አገባቡ ቀላል ነው። በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 9 የወደቡን ጽሕፈት ቤት ይጠራሉ፤ የጀልባውን ስም፣ ርዝመትና ጥልቀት እንዲሁም የሚያድሩትን ሌሊት ይናገራሉ። ሠራተኛው በትንሽ ጀልባ መጥቶ ወደ እንግዶች መድረክ ይመራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሌላ ጀልባ ጎን ተለጥፈው እንዲታሰሩ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም እንደ ነውር አይቆጠርም። ዋጋው በጀልባው ርዝመት ይታሰባል።

በደቡብ ብሪታኒ ሙላቱ ግማሽ ያህል ስለሚሆን ሎርያንን፣ ላ ትሪኒቴንና ክሩዌስቲን የመሰሉ ወደቦች ሰዓት አይጠይቁም። ሰዓት የሚጠይቀው የሞርቢያን ባሕረ ሰላጤ ነው። በጠባቡ አፉ የሚገባው ጅረት በትልቁ ሙላት ከ8 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኛው የሸራ ጀልባ በሞተር የሚሄደው በ5 ወይም በ6 ኖት ነው። ከጅረቱ ጋር የገባ ሰው ደሴቶቹ በጎኑ ሲሮጡ ያያል፤ በተቃራኒው የሞከረ ሞተሩን እያስጮኸ አንድ ቦታ ይቆማል። ባሕረ ሰላጤው መጨረሻ ላይ ባለችው በቫን ከተማ ውሃው ከአፉ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ስለሚሞላ፣ በሙላቱ ተገፍቶ የገባ ተጓዥ ከጥንታዊው ከተማ ቅጥር በታች ያለው ገንዳ በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል፤ የዘገየ ደግሞ ከበሩ ውጭ ባለው መድረክ ላይ ታስሮ ቀጣዩን ሙላት ይጠብቃል።