የአዲስ አበባ ሰማይ በዋሽንግተን

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ልጆች ፕላኔታሪየም፣ ማለትም የከዋክብት ሰማይ በጉልላት ላይ በብርሃን የሚታይበትን አዳራሽ፣ በጎበኙበት ዕለት ዝግጅቱ የተጀመረው በዋሽንግተን ሰማይ ነበር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ ሌሎቹ ከዋክብት ሲዞሩት ከታየ በኋላ፣ ከተማሪዎቻችን አንዷ እጇን አውጥታ የአዲስ አበባ ሰማይም ሊታይ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ባለሙያዋ መሣሪያውን ስታስተካክል የሰሜን ኮከብ ቀስ በቀስ ወርዶ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። እዚህ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ የምናየው ኦሪዮን የተባለው ኅብረ ከዋክብት ወደ አናታችን መጣ፤ ሌሊቱን ወደፊት ስታስኬደውም ከዋሽንግተን ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል የተባለው ኅብረ ከዋክብት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ብቅ አለ።

ምድር ክብ ስለመሆኗ ልጆቻችን በክፍል ውስጥ ተምረዋል። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ካለው ርቀት በዲግሪ) ጋር ተቀራራቢ መሆኑን፣ ወደ ደቡብ በተጓዝን ቁጥር ዝቅ የሚለውም ከእግራችን በታች ያለው ምድር ስለሚጎብጥ መሆኑን ግን በዓይናቸው አይተው የተረዱት ያን ዕለት ነው። ለእኔ የፕላኔታሪየም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ በአንድ ሌሊትና በአንድ አገር ሊታይ የማይችለውን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ አምጥቶ ያስተያያል።

ይህም ቢሆን ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። መሐንዲሱ ዋልተር ባወርስፌልድ ዛይስ ለተባለው የጀርመን የሌንስ መሣሪያዎች ኩባንያ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ሙኒክ ውስጥ ለእይታ የቀረበው የመጀመሪያው የከዋክብት ፕሮጀክተር 4,500 ያህል ከዋክብትን በጉልላት ላይ ቢያበራም፣ ሊያሳይ የሚችለው ከሙኒክ ኬክሮስ የሚታየውን ሰማይ ብቻ ነበር። ከየትኛውም የምድር ክፍል የሚታየውን ሰማይ ማሳየት የተቻለው በሁለተኛው ሞዴል ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ መቅረቧ ለሥነ ፈለክ ጥናትም ትልቅ ሀብት ነው። 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ሊቃኙ የሚችሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ለከዋክብት ስም እንዲያወጡ በጋበዘ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ለምትገኝ ኮከብ «ቡና»፣ ለምትዞራት ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል ስም አውጥታለች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ሁላችሁም ብታዩት እወድ ነበር።

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት ልጆቻችሁን በር ላይ አድርሳችሁ መኪና ውስጥ አትጠብቁ፤ አብራችሁ ግቡ። ከእናንተ ብዙዎቹ መብራት በሌለበት ገጠር፣ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር በሚታይበት ሰማይ ሥር አድጋችኋል፤ የከተማ ብርሃን የጋረደባቸው ልጆቻችን ግን ያንን ሰማይ የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። ለባለሙያዋም የትውልድ ቦታችሁን ንገሯት። ለጎንደር ተወላጅ የሰሜን ኮከብ 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ፣ ለጅማ ተወላጅ ደግሞ ከ8 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ልዩነቱን ለልጆቻችሁ እናንተው አሳዩአቸው።

አመሰግናለሁ።