ጨለንቆ ላይ ሲደርሱ ገጹን መዝለል

ሰሚራ፦ ዛሬ የታሪክ ትምህርትን እናንሣ ብለሃል። ቀጥል፣ ዳዊት።

ዳዊት፦ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ክላስ ልጀምር። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት ተራራው ስላስቸገረ ታች ቀረ። ኦሮሞውና ሶማሌው ባገሩ ነበር። ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ ሥራና ንግድ ብሎ መጣ። የነዚህ ሁሉ የልጅ ልጆች ዛሬ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል።

ሰሚራ፦ እዚህ ድረስ ደስ ይላል፤ ማንም አይጣላም። ጨለንቆ ላይ ሲደረስስ?

ዳዊት፦ እሱ ጋ ነው ችግሩ!

ሰሚራ፦ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በተደረገው ጦርነት ምኒልክ የሐረሩን ገዥ አሚር አብዱላሂን ድል አደረጉ፤ ሐረር ራሷን ችላ መተዳደሯ አበቃ። አንዱ ልጅ ቤቱ የሰማው አገር አንድ የሆነበትን ቀን ነው። አጠገቡ ያለችው የሰማችው ስለሞቱት ነው። አስተማሪው ጭቅጭቅ ፈርቶ ገጹን ይዘላል።

ዳዊት፦ እንዳይፈረድበት፣ እውነት ያስፈራል እኮ። አንድ ቃል ካመለጠው ወላጅ በር ላይ ይጠብቀዋል።

ሰሚራ፦ ይገባኛል። ግን እሱ ቢዘለው ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ያገኙታል። እዚያ ደግሞ «ይሄን ማን ጻፈው? በማን ወገን ሆኖ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። የአስተማሪ ሥራ ይኼ ነው።

ዳዊት፦ በዚያ ላይ እዚህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ይሰጣል። በአፍ መፍቻ መማራቸውን አጥብቄ እደግፋለሁ። ግን አንዱ ክላስ የሌላውን ታሪክ ሳይሰማ እንዳያድግ እሰጋለሁ።

ሰሚራ፦ አቦ፣ ታሪክ ላይ አገናኟቸው! ሦስቱንም ክላስ ባንድ አውቶቡስ ሐረር ይውሰዷቸው። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሐረር በአሚሮቹ ዘመን ያሳተመችው ሳንቲም እዚያው አለ። የአሸናፊው ወገን ቤት ውስጥ የተሸናፊው ገንዘብ! ልጆቹ ሳንቲሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዩት፣ ይጠይቁ፣ ይከራከሩ።

ዳዊት፦ ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ አያቱን ይጠይቅ። ስለ ጨለንቆ ምን ሰማችሁ ይበላቸው፤ ጽፎ ያምጣ።

ሰሚራ፦ እና አስተማሪው ሁሉንም ጮክ ብሎ ያንብበው፤ አንዱንም ሳይቆርጥ።